ጥንታዊ ግብፅን ለተማሪዎች ከየት መጀመር?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከፒራሚድ በቀር ስለ ጥንታዊ ግብፅ የሚያውቁት የለም። ነገሥታቷንና ሥነ ጥበቧን እንዴት ላስተምራቸው?

መልስ፦ ለኢትዮጵያ ተማሪ ከሁሉ የሚቀርበው መግቢያ የፑንት ጉዞ ነው። ሴቷ ፈርዖን ሃትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት መርከቦቿን ወደ ፑንት ላከች፤ ብዙ ምሁራን ይህችን አገር በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ያስቀምጧታል። በደይር ኤል-ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች፣ ከነሥራቸው በቅርጫት የተጫኑ የዕጣን ዛፎች፣ ዝንጀሮዎች፣ የፑንቱ ገዥ ፓራሁና ሚስቱ አቲ ተቀርጸዋል። ሃትሼፕሱት ራሷ በብዙ ምስሎቿ በወንድ አካልና በሰው ሠራሽ ጢም ትታያለች። የፈርዖንን ሥልጣን ምንነት ከእነዚህ ምስሎች አንዱ ከረጅም የነገሥታት ዝርዝር በላይ ያስረዳል።

ሥነ ጥበቡን ደግሞ ተማሪዎቹ በእጃቸው ሲሥሉ ይማሩታል። ግብፃዊው ሠዓሊ የቆመን ሰው ከእግር እስከ ፀጉር መነሻ በ18 ካሬ ይከፍል ነበር፤ ፊቱ በጎን፣ ዓይኑና ትከሻው ግን ከፊት ይሣላሉ። ባለ ካሬ ደብተር ይበቃል። በኢትዮጵያ ነባር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዓይን ስለሚሣል ንጽጽሩ ውይይት ይከፍታል።

ከጥንታዊ ግብፅ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ በአካባቢያችሁም አለ፦ ከፒያሳ ብዙ የማይርቀው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ግብፃውያን ኮፕቶች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያናቸው ልሳን ኮፕቲክ የፈርዖኖች ቋንቋ የመጨረሻ መልክ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ምሁር ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1822 የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ሲፈታ የረዳውም የኮፕቲክ እውቀቱ ነው።