ሰርቨሩ ሳይጠፋ ሃርድ ዲስክ መቀየር፦ ጋዜጠኛ ምን ይማርበታል?

ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ጉዳይ አይደለም እንዴ?» ሳትሉ አትቀሩም። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ነገር ግን የምንቀዳው ድምፅ፣ የምናነሳው ፎቶና የምንጽፈው ዜና ሁሉ ማረፊያው የሆነ ቦታ ያለ ዲስክ ነው። ዲስክ ደግሞ ያው ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይበላሻል። ስለሆነም በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር ሥራ ላይ እያለ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ እንዴት እንደሚቀየርና ለሙያችን ምን ትምህርት እንዳለው ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ፣ ዲስኩ ተበላሽቶ ሰርቨሩ እንዴት ሊሠራ ይችላል? መልሱ ሬይድ የሚባለው አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ መጠቀም እንደሚያዋጣ አስረዱ። ዲስኮቹ ሲበዙ የአንዳቸው መበላሸት ስለማይቀር፣ ከጉዳት የሚያድን ተጨማሪ መረጃ አብሮ እንዲቀመጥም ሐሳብ አቀረቡ። ከዓይነቶቹ ለመረዳት ቀላሉ ሬይድ 1 ነው። በዚህ አሠራር በአንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው ሁሉ በሁለተኛውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ብቻውን ይቀጥላል፤ ተጠቃሚውም ምንም ላያውቅ ይችላል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ማንም ካላወቀ ማንም አይቀይረውም። ሊኑክስ የሬይዱን ሁኔታ ኤምዲስታት በሚባል ፋይል ያሳያል። ሁለቱም ዲስኮች ጤነኛ ሲሆኑ ሁለት «ዩ» ፊደሎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ ሲወድቅ በአንደኛው ዩ ቦታ ጭረት ይተካል። ዲስኩ ራሱም ስማርት በሚባል አሠራር የጤንነቱን ሁኔታ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ በስማርት ብቻ መተማመን አይቻልም። የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ከወደቁት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋነኛ በተባሉት አራት የስማርት ምልክቶች ምንም አላሳዩም ነበር። ሳይታመሙ ሞቱ እንደማለት ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ባለፈው ሴሚስተር የድምፅ ቅጂዎቻችን ያሉበት ሰርቨር አንዱ ዲስኩ ወደቀ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን ሲቀይሩ አጠገባቸው ሆኜ ማስታወሻ ያዝኩ። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ሌላ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ። ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ የቀረው አንድ ዲስክ ትከሻ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የተበላሸውን መለየት። ሊኑክስ ዲስኮቹን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጠራቸዋል። ይህ ስም ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ሊቀያየር ይችላል፤ ዲስኩ ሳጥኑ ውስጥ ካለበት ቦታ ጋርም የግድ አይገጥምም። የማይለወጠው ከፋብሪካ የመጣበት ሴሪያል ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በትዕዛዝ አውጥቶ ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ዲስኩ ጭራሽ መልስ ካልሰጠ የጤነኛውን ቁጥር ጽፎ እሱን አለመንካት ነው።

ሦስተኛ፣ ኤምዲአድም በሚባለው ትዕዛዝ ዲስኩ መውደቁን ማስመዝገብና ከሬይዱ ማስወጣት።

አራተኛ፣ መንቀል። ይህ የሚሆነው ሰርቨሩ እየሠራ ዲስክ መንቀልና መክተት የሚፈቅድ፣ ሆት ስዋፕ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው። አለበለዚያ ማሽኑን አጥፍቶ መቀየር ይሻላል።

እዚህ ላይ ጋሼ እኔ እንድነቅል ፈቀዱልኝ። ሳጥኑ ሁለት መሳቢያ አለው፣ ላይና ታች። የወደቀው ኤስዲኤ ስለሆነ፣ «የመጀመሪያው» ማለት ላይኛው ነው ብዬ እጄን ሰደድኩ። «ቆዪ!» አሉኝ። «መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቢልኝ።» ሰርቨሩ ሲተከል በየመሳቢያው ፊት የሴሪያሉን የመጨረሻ አራት አሃዞች ጽፈው ለጥፈው ነበር። አነበብኩ። ወረቀቴ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ላይኛው ጤነኛው ነበር! ብነቅለው ኖሮ ሰርቨሩ እዚያው ይቆም፣ በዚያ ሰዓት እየተጻፈ የነበረውም ሊበላሽ ይችል ነበር። በውስጡ ተመራቂ ተማሪዎች የሠሯቸው ቃለ መጠይቆች አሉ። ከተናገሩት አዛውንቶች አንዱ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል፤ ሄደን እንደገና ልንቀዳቸው አንችልም።

አምስተኛ፣ አዲሱን መክተት። መጠኑ ከቀድሞው ማነስ የለበትም። የጤነኛውን የፓርቲሽን አከፋፈል ወደ አዲሱ ገልብጦ ከሬይዱ ጋር ማቀላቀል ነው። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚገለበጥ ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል፤ አቅጣጫው ከተሳተ የባዶው አከፋፈል በጤነኛው ላይ ይጻፋል።

ስድስተኛ፣ መጠበቅ። መረጃው ወደ አዲሱ እስኪገለበጥ ጊዜ ይወስዳል። ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢገለበጥ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ማሽኑ የሚነሳው ከእነዚሁ ዲስኮች ከሆነ ደግሞ ማስነሻውን፣ ለምሳሌ ግራብን፣ አዲሱ ላይም መጫን ያስፈልጋል። አለዚያ ነገ ያኛው ሲሞት ማሽኑ አልነሳም ይላል።

ታዲያ እኛ ምን እንማራለን? የመጀመሪያው፣ ማረጋገጥ ነው። የሰው ስም ሳናጣራ አንጽፍም ተብለን ተምረናል። እኔ ግን «ላይኛው ይመስለኛል» ብዬ ልነቅል ነበር። በዜና ቢሆን የአንዱን ጥፋት በሌላው ስም እንደመጻፍ ነው።

ሁለተኛው፣ ሬይድ ማኅደር አይደለም። አንድ ፋይል በስህተት ብናጠፋ ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የፒክሳር ሠራተኞች ቶይ ስቶሪ 2ን ሲሠሩ በአንድ የማጥፊያ ትዕዛዝ ፊልሙ አብዛኛው ተሰረዘባቸው፤ መጠባበቂያው ሲታይም በትክክል ሳይሠራ ቆይቶ ኖሯል። ያዳናቸው ከሥራው ኃላፊዎች አንዷ የሆነችው ጋሊን ሰስማን ወልዳ ቤት ሆና ስትሠራ የያዘችው ቅጂ ነው።

ስለዚህ ማንኛችንም የቀዳነውን ሁለተኛ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ እናስቀምጥ፤ አልፎ አልፎም ከፍተን እናድምጠው። ኤምዲስታትን በየሳምንቱ ለማየትና ሁለቱ ዩዎች መኖራቸውን ለመመዝገብ ከጋሼ ጋር ተነጋግሬ ጀምሬያለሁ። ተራ መግባት የምትፈልጉ ካላችሁ አነጋግሩኝ። ቸር እንሰንብት!