የትንሽ አይሮፕላን ሰልባትዮ እንዴት ይለወጣል? ከጀሪካን የሚጀምር ትምህርት

በዚህ ሳምንት እኛ የሳይንስ እጩ መምህራን ያነሣነው ርእስ ለመካነ ኢየሱስ ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም በእጅ በተሠራች ትንሽ አይሮፕላን ላይ የነዳጅ ታንክ፣ ሾፌሮች ሰልባትዮ የሚሉት ዕቃ፣ እንዴት እንደሚለወጥ ነው።

ለአገራችን ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰው የምትይዝ አይሮፕላን ሠሩ፤ ስሟም «ፀሐይ» ተባለ። በወረራው ጊዜ ጣልያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ከ«ፀሐይ» ሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በፎልክስዋገን ሞተር የምትሠራ አይሮፕላን በራሳቸው እጅ ገጣጠሙ። 570 ቀን ስለፈጀችና የእናታቸው ስም ኪሮስ ስለሆነ ኬ-570ኤ አሏት። በ2007 ዓ.ም. ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ ባይሰምርም ሥራው ብዙ ወጣት አነሣሥቷል።

እንዲህ ያለ አይሮፕላን ሲታይ ዓይን የሚስበው ሞተሩና ክንፉ ነው። ሰልባትዮውን የሚያስታውሰው የለም። ነገር ግን መኪና ነዳጅ ቢቋረጥባት ዳር ይዛ ትቆማለች፤ አይሮፕላን ዳር የላትም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር ጥቅምት 2 ቀን 1990 ዓ.ም. የሞተው በእጅ በተሠራች አይሮፕላን ላይ ነው። ነዳጁን ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው የሚያዞረው መክፈቻ በንድፉ ከተመለከተው ቦታ ተዛውሮ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ ተገጥሞ ነበር። መርማሪዎቹ እንደደመደሙት፣ ዴንቨር መክፈቻውን ለማዞር ሲታገል አይሮፕላኗ ከቁጥጥሩ ወጣች። እንግዲህ በነዳጅ መሥመር ላይ «ትንሽ ለውጥ» የሚባል ነገር የለም።

ታንክ የሚለወጠው ለምንድን ነው? የአሉሚኒየም ታንክ በሞተሩ ንዝረት ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ከታች የሚጠራቀም ውሃም ብረቱን ይበላዋል። አንዳንድ የፋይበርግላስ ታንክ ደግሞ አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲያገኘው ይለሰልሳል። ሥራው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ነዳጁን ማውጣት። ይህ የሚደረገው ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ ነው። አይሮፕላኗና ቤንዚኑ የሚቀዳበት የብረት ዕቃ በሽቦ ይያያዛሉ፤ ቤንዚን ሲፈስ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳያቀጣጥለው ነው። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፤ የቀረው የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ተደባልቆ ሊፈነዳ ይችላል። «ባዶ ነው» ብሎ ብየዳ መሞከር ነፍስ ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ ክብደት። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.72 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 40 ሊትር ወደ 29 ኪሎ ነው። አዲሱ ታንክ ወደፊት ወይም ወደኋላ ፈቀቅ ቢል የአይሮፕላኗ ሚዛን ይለወጣልና ሒሳቡ እንደገና ይሠራል።

ሦስተኛ፣ መግጠም። ታንኩ እንዳይፋተግ ከማሰሪያው ሥር ጎማ ይደረጋል። በመውጫው ላይ የሽቦ ወንፊት፣ ከሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ደግሞ ውሃና ቆሻሻ ማውጫ ይኖራል። ከላይ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ መፈተሽ። በጣም አነስተኛ ግፊት ያለው አየር ተነፍቶበት የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ ከታየ ያፈሳል ማለት ነው። ቀጥሎ የአይሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ላይ እንደምትወጣ ሆኖ ቀና ይደረግና የነዳጁ አወራረድ ይለካል። በስበት ብቻ ለሚወርድ ነዳጅ ሞተሩ ሲነሣ ከሚወስደው አንድ ተኩል እጥፍ መውረድ አለበት። ሞተሩ በሰዓት 12 ሊትር ቢወስድ 18 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በመጨረሻ ነዳጅ እየተለካ ይጨመርና ጌጁ ላይ ምልክት ይደረጋል። የተሠራው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሌላ ባለሙያም ያየዋል።

አሁን ወደ አየር ቀዳዳዋ እንመለስ። በክፍላችን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከታች በስተን ቀጭን ቱቦ አስገባን፤ ዙሪያውን አሸግን፤ ውሃ ሞላንበት። (ይህ ሙከራ በውሃ ብቻ ነው፤ ቤንዚን አይነካም!) ክዳኑን ጥርቅም አድርገን ዘጋንና «ውሃው እስከ መጨረሻው ይወርዳል ወይስ አይወርድም?» ተባባልን። አብዛኞቻችን «ይወርዳል» አልን። ውሃው ጥቂት ፈሰሰ፣ ቀጠነ፣ የጀሪካኑ ሆድ ወደ ውስጥ ሰረጎደ፤ ከዚያ ቀጥ! ክዳኑን በምስማር ብንበሳው ወዲያው ተለቀቀ። የወጣውን ውሃ ቦታ የሚተካ አየር ካልገባ፣ የውጭው አየር ግፊት ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። በአይሮፕላን ላይ ተርብ በዚያች ቀዳዳ ጭቃዋን ብትሠራበት፣ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ይጠፋል።

እውነቱን እንናገር፦ የአየር ግፊትን ትርጉም ከታች ክፍል ጀምሮ በቃላችን ስንወጣው የኖርን ነን። ጀሪካኑ ፊት ስንቆም ግን ተሳሳትን። ነገ እኛም ትርጉሙን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፈን ከወጣን፣ ልጆቹ እንደኛው ይሸመድዱታል እንጂ አያውቁትም። ጀሪካን፣ ቱቦና ምስማር የማይገኝበት የገጠር ትምህርት ቤት ግን የለም። ወፍጮ ቤት ላለበት ቀበሌ ደግሞ የሞተሩን ናፍጣ ማጠራቀሚያ አሳይቶ «ለምን ከፍ ብሎ ተቀመጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

መልመጃ፦ 40 ሊትር ከሚይዝ ሙሉ ታንክ 4 ሊትሩ ከሥር የሚቀርና የማይወጣ ነው። ሞተሩ በሰዓት 12 ሊትር ይወስዳል። ለግማሽ ሰዓት የሚሆን መጠባበቂያ ካልተነካ፣ አብራሪው ስንት ሰዓት ሊበር ይችላል? መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉልን። የተሳሳተም አይፈር፤ እኛም በጀሪካን ተሳስተናል።