የጠዋቷ ክኒን

«መምህር፣ የምታሸናዋ ክኒን ጾም ትሽራለች?»

እዚህ ኮልፌ ቀራንዮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይህን ጥያቄ ሳልጠየቅ ያለፍኩበት ዓመት የለም። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ዛሬ ግን ጮክ ብለን እንማረው።

መጀመሪያ የክኒኗን ሥራ እንወቅ። ልብ ሲደክም ወይም የደም ግፊት ሲበረታ፣ ኩላሊት ጨውና ውኃ አብዝቶ በሽንት እንዲያስወጣ የሚያደርግ መድኃኒት ይታዘዛል። ሰው ላሲክስ የሚላት ፉሮሴማይድ ፈጣን ናት፤ ተውጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጀምርና ስድስት ሰዓት ያህል ትሠራለች። ለግፊት የምትሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ረጋ ትላለች። ሁለቱም ከውኃው ጋር ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ያስወጣሉ፤ ሌላዋ የምታሸና ክኒን ስፓይሮኖላክቶን ግን ፖታሲየሙን ታስቀራለች። «ጠዋት ዋጡ» የሚባለው ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለሱ እንዳታድሩ ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደ ሃይማኖቱ ነገር እንግባ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ደዌ ተይዞ ጸለየ፣ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን «ተስፋው ተሰጥቶሃል፣ ዝም ብለህ ተኛ» አላለውም፤ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ዕድሜውን የጨመረው ጌታ በለሱንም የፈጠረ ነው፤ ስለዚህ በበለስ መዳን ጸሎትን መጠራጠር አይሆንም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል።

ሩቅ አንሂድ፣ በክፍለ ከተማችን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ዘነበወርቅ አለ። እርግማን ይባል የነበረው ሥጋ ደዌ ዛሬ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ያን የዋጠ ሰው ሃይማኖቱን ካደ ትሉታላችሁ? በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ፍትሐ ነገሥትም ጾምን በሚደነግግበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን አያስገድድም። (ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ ቁርኣናቸውም የታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዞር ይፈቅዳል።)

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ ሰው የሚጎዳው ምን ላይ ነው? ሲደብቅ ነው። አንዲት የማውቃት እናት ለሐኪሟ መጾሟን፣ ለንስሐ አባቷ ደግሞ ክኒኗን ደበቀች። ክኒኗን እሑድ እሑድ ትዘል ጀመር፤ ቀስ በቀስ ረቡዕና ዓርብም ተጨመሩ። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት ነው የነገረችኝ። ምክንያቷም ጾሙ ብቻ አልነበረም፤ ቅዳሴ መሐል ሽንቴ ቢመጣስ የሚል ሐፍረት ነበረባት። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ለሐኪም የሚነገር ነው። «ያዙልኝ» ያልኳችሁ እዚህ ላይ ትጠቅማለች፤ ሰዓቷ በሐኪም ምክር ከጠዋት ወደ ቀትር ሊዞር ይችላል። ለመቁረብ 18 ሰዓት የምትጾሙም ቀኑ ሳይደርስ ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ፤ የክኒኑን ፓኮ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። የዘለላችሁትን ለማካካስ ግን በማግስቱ ሁለት እንዳትውጡ።

ስለ ስግደት ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ይህች መድኃኒት ስትወድቁ ስትነሡ ግፊታችሁን ድንገት ልታወርደው ትችላለች። በሰሙነ ሕማማት ሳይበሉ ሳይጠጡ ውሎ፣ በዚያ ላይ ፀሐይ ተጨምሮበት የሚሰግድ ሰው ዓይኑ ጭልም ብሎ ቢወድቅ የእምነት ማነስ አይደለም። የንስሐ አባት ስግደቱን በቆሙበት ራስን ዝቅ በማድረግ ሊለውጠው ይችላል። ጠዋትም ከአልጋ ዘላችሁ አትነሡ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀመጡ።

ጸበል ስትጠጡ ሁለት ነገር አስቡ። ልቡ የደከመ ሰው በቀን የሚጠጣው ውኃ ተለክቶ ሊነገረው ይችላል፤ ጸበሉም ከዚያው ልክ ይቆጠራል። ብዙ ጠጥቶ ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ደግሞ ሰውነቱ ደርቋል፤ በደረቀ ሰውነት ላይ ክኒኗ ስትጨመር ኩላሊትን ልትጎዳ ትችላለች። የሚቀጥለውን ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለጉልበት ቁርጥማት ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ከዚህች ክኒን ጋር መዋጥም ኩላሊት ላይ ይከብዳል፤ የክኒኗንም ሥራ ያዳክማል። የጡንቻ መሸማቀቅ፣ የጉልበት መዛል ወይም የልብ ምት መዘበራረቅ የማዕድን መጉደል ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይፈልጋል። «ለፖታሲየም ሙዝ ብላ» ይሏችኋል፤ ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየም መጨመር አደጋ ሊሆን ይችላል። ሽሮው ላይ የምትነሰንሱትን ጨው ቀንሱ፤ ያንን እያበዛችሁ ክኒኗን አትውቀሱ። ልቡ የደከመ ሰው ጠዋት ሽንቱን ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይመዘን፤ በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ቀጠሮውን አይጠብቅ።

ያቺ እናት ዛሬ እሑድ እሑድ ክኒኗን የምትውጠው ሐኪሟ እንደነገራት ከቅዳሴ በኋላ ነው። አሁንም ግን የምትቆመው በር አጠገብ ነው።