ትንሿን ሽሪምፕ በቤት ውስጥ ስለ ማርባት



በአብደራፊ የምንኖር ሁሉ ውኃ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ እናውቃለን። አንገረብ በክረምት ደፍርሶና ሞልቶ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ በእጅጉ ይጎድላል። በእንዲህ ያለ አገር በመስታወት ሣጥን ውኃ ሞልቶ ትንሽ ፍጥረት ማርባት ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ የሚሆነውን በትዕግሥት የተከታተለ ሰው፣ በወንዙም ውስጥ የሚሆነውን ማስተዋል ይጀምራል። ሽሪምፕን የሚገድሏት ነገሮች አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ ስለሆኑ፣ አርቢው ከፍጥረቷ አስቀድሞ ውኃውን ማዘጋጀት ይገባዋል። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው።

ሀ. ሽሪምፕ ምንድን ናት?

ሽሪምፕ ዓሣ አይደለችም፤ የሸርጣን ዘመድ ናት። አጥንት የላትም፤ ሰውነቷን የሚይዘው በላይዋ ያለው ቅርፊት ነው። በቤት የምትረባው ዓይነት ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዓለም ላይ በብዙ ቤቶች የምትገኘው ቀይዋ ቼሪ ሽሪምፕ መነሻዋ ምሥራቅ እስያ ነው። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ትናንሽ ሽሪምፖች በመስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት እየበሉ እንደሚያጸዱ ካሳየ በኋላ፣ የሚያረቧቸው ሰዎች በዙ። በእኛም ተፋሰስ ቢሆን ስሟን ከዓባይ ያገኘች ካሪዲና ኒሎቲካ የምትባል ትንሽ ሽሪምፕ አለች፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ በብዛት ትገኛለች። አንገረብ ወደ አትባራ፣ አትባራም ወደ ዓባይ ይገባልና ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ለ. ኩሬውና ሣጥኑ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በሱዳን በረሐ አትባራን ባየው ጊዜ ወንዙ ደርቆ ኩሬዎች ብቻ ቀርተው ነበር። ዓሣው፣ አዞውና ጉማሬው ሁሉ በእነዚያ ኩሬዎች ተጨናንቆ ነበር። በሰኔ ወር አንድ ሌሊት ግን ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደው ጎርፍ በድንገት ደርሶ አሸዋው ወንዝ ሆነ።

የመስታወቱም ሣጥን እንዲሁ ከወንዙ የተቆረጠ ኩሬ ማለት ነው። የሚፈስ ወንዝ ቆሻሻውን ይዞ ይሄዳል፤ በሣጥን ውስጥ ግን የሽሪምፕ ኩስና የተረፈ ምግብ እዚያው ይበሰብሳል። ከዚህ ብስባሽ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ውኃው እንደ ምንጭ የጠራ ሆኖ ሳለ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ፣ በጠጠርና በስፖንጅ ላይ የሚያድሩ ደቂቅ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚቀንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ሣጥን ውስጥ የታጠበ ጠጠርና የውኃ ተክል እናደርጋለን፤ በአየር የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ እንተክላለን፤ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣልን ከአንድ ወር በላይ እንጠብቃለን። ከዚያ በኋላ 10 ያህል ሽሪምፖች ማስገባት ይቻላል። በየሳምንቱ ከውኃው ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን እንቀይራለን። ምግባቸውም ጥቂት የተቀቀለ የጎመን ቅጠል ይበቃል፤ የተረፈውን ማውጣት ግን አይረሳ።

ሽሪምፕ ስታድግ ቅርፊቷን ትጥላለች። ባዶው ቅርፊት የሞተች ሽሪምፕ ይመስላል፤ አናውጣው፤ ራሷ መልሳ ትበላዋለች። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ድረስ የምትደበቅበት ቅጠል ወይም ድንጋይ ያስፈልጋታል። ቼሪ ሽሪምፕ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ እንቁላሎች ከጅራቷ ሥር ታቅፋ ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየች በኋላ እናታቸውን የሚመስሉ ጥቃቅን ልጆች ይወጣሉ።

ሐ. በቆላ ያሉት ጠላቶች

1. ሙቀት። ቼሪ ሽሪምፕ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማታል፤ ከ30 በላይ አደጋ ነው። ውኃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ሲለካ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል የነበረው በ30 ዲግሪ 7.5 ያህል ይሆናል። አምባዛ ከውኃ በላይ አየር መሳብ ስለሚችል ሙቅ ኩሬን ይቋቋማል፤ ሽሪምፕ ግን ይህ የላትም። ኮዳችንን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እንደምናቀዘቅዝ ሁሉ ሣጥኑንም በጥላ ሥር አድርገን በእርጥብ ጨርቅ ብንጠቀልለው ይረዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከ30 ዲግሪ በታች ማድረግ የማይቻልበት ቤት ከሆነ ግን አለመጀመር ይሻላል፤ ጎንደር ከተማ ላለው ወንድማችን ሥራው ይቀልለዋል።

2. ትነት። ውኃው ሲተን ጨውና ማዕድኑ ይቀራል፤ እየወፈረም ይሄዳል። ስለዚህ የጎደለውን ለመሙላት በንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ በቀጥታ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይመረጣል።

3. የተባይ መርዝ። ለሰሊጥና ለጥጥ የሚረጨው፣ ለወባ ትንኝ በቤት የሚነፋው፣ በአጎበርም ላይ የተነከረው መድኃኒት ሁሉ ለሽሪምፕ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ገዳይ ነው፤ እርሷ የነፍሳት ዘመድ ናትና። ከርጭት የተመለሰ እጅ ወደ ሣጥኑ አይግባ። መዳብ ያለበትም መድኃኒት እንዲሁ ነው። ክሎሪን የገባበት ውኃ በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት ይቆይ።

መ. ጎረቤትን አለመጉዳት

የቆመ ውኃ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው፤ ሽሪምፕም እጮቹን ትጨርሳለች ብለን አንተማመን። ሣጥኑ በጠባብ ወንፊት ይሸፈን። ነገር ግን መድኃኒት የተነከረ አጎበር ቆርጠን ብንሸፍንበት ሽሪምፖቹን እንገድላለን፤ አጎበሩንም ከተኛ ሰው ላይ እንወስዳለን።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። የበሽታው ትል በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በውኃ በኩል በሰው ቆዳ ይገባል። ስለዚህ ከወንዝ ቀንድ አውጣም፣ ተክልም፣ ጠጠርም አናምጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ አጠገብ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ፣ እንዶድ እንደሚገድላቸው የተረዳው በማስተዋል ነበር። በሴኔጋልም እ.ኤ.አ. በ1986 የዲያማ ግድብ ከተሠራ በኋላ፣ ቀንድ አውጣ የሚበሉት ትላልቅ የወንዝ ሽሪምፖች ወደ ላይ መውጣት ተከለከሉ፤ በሽታውም በረታ። የእኛ ትንሿ ሽሪምፕ ግን ቀንድ አውጣን አትበላም፤ መድኃኒት ናት ብለን አንታለል።

ሦስተኛ፣ ማርባቱ ቢሰለቸን እንኳ ከውጭ የመጣችን ሽሪምፕ ወደ አንገረብ አንልቀቅ። ወንዙ የራሱ ፍጥረታት አሉት፤ አንድ ጊዜ የተለቀቀውን መልሶ መልቀም አይቻልም። ለሌላ አርቢ መስጠት ቀላል ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስበው ሁሉ አስቀድሞ ቴርሞሜትር ገዝቶ ለአንድ ሳምንት የቤቱን ሙቀት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይመዝግብ። ከዚያ በኋላ ይወስን። ሽሪምፕ ስትጨነቅ ድምፅ የላትም፤ ጩኸቷን ሳንጠብቅ ማሰብ ያለብን እኛ ነን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነውን? ስለምን?
2. ለሣጥኑ መክደኛ አጎበር መቁረጥ ማንን ይጎዳል?
3. በሰፈራችን ውኃ ሳይከደን የሚቆምባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? ምንስ ልናደርግ እንችላለን?