ቀረጻ ሌላ፥ ቅጂ ሌላ፤ ጆሮን ስለ ማስተማር

ከጊንጪ፥ ከአምቦና ከአካባቢው መጥተን በዩኒቨርሲቲ የምንማር ተማሪዎች ስለ ሙዚቃ ስንከራከር ዘወትር የምንሰማው አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም «የድሮው ዘፈን ዜማው መልካም ነው፥ ቀረጻው ግን ደካማ ነው» የሚለው ነው። ይህ ፍርድ በአብዛኛው የሚሰጠው ዋናው ሳይሰማ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ቀረጻ ሌላ፥ ቅጂም ሌላ መሆኑን፥ ሁለቱን ለይቶ ማወቅም ለእኛ ለአገር ቤት ልጆች ከጊዜ ማሳለፊያነት ያለፈ ጥቅም እንዳለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በውጭ አገር «ሃይ ፋይ» የሚሉት የማዳመጥ ልማድ ትርጉሙ ከፍተኛ ታማኝነት ማለት ነው። ታማኝነቱም ለዋናው ድምፅ ነው እንጂ ለመሣሪያው ዋጋ አይደለም። ታማኝ ቀረጻ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፥ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ስፍራ አለው፤ ሳክስፎኑ ከወዲህ፥ ጊታሩ ከወዲያ መሆኑን ዐይናችንን ጨፍነን ልናመለክት እንችላለን። ሁለተኛ፥ ዝቅ ያለውና ከፍ ያለው ድምፅ ልዩነታቸው ተጠብቆ ይሰማል። ሦስተኛ፥ አንድ ኖታ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ ሲጠፋ እስከ መጨረሻው ልንከተለው እንችላለን።

እነዚህ ሦስቱ በምን ምክንያት ይጠፋሉ? የስቱዲዮ ቴፕ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 38 ሳንቲሜትር ሲሮጥ፥ የካሴት ክር ግን በሴኮንድ 5 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስፋቱም 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር የክሩ ሹክሹክታ ይደራረባል፥ ቀጭኑም ድምፅ ይደበዝዛል። በዘመናችን ደግሞ ሲዲ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ሲይዝ፥ ብዙ ጊዜ በስልክ የምንቀባበለው ባለ 128 ኪሎቢት ኤም ፒ ስሪ የዚያ ዐሥራ አንደኛ እጅ ብቻ ነው። የተጣለው ሁሉ ለጆሮ የሚታወቅ ባይሆንም፥ ቀድሞ ከደከመ ካሴት የተወሰደ ሲሆን ጉዳት በጉዳት ላይ ይጨመራል። በመጨረሻም ትንሿ የስልክ ድምፅ ማጉያ የቤዝ ጊታሩንና የከበሮውን ወፍራም ድምፅ በሚገባ ልታወጣ አትችልም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፎ የመጣውን ሰምቶ ስለ ቀራጩ ሥራ መፍረድ ተገቢ ነውን?

ታሪኩንም ማስታወስ ይገባል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፥ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያውም ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ፥ በውጭ አገር እያሳተመ፥ መቶ ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ አልበሞች አወጣ። እነዚህ በወጉ የተያዙ ሸክላዎች በደኅና መርፌ ሲሰሙ፥ ብዙዎቻችን ከምናስበው የበለጠ ድምፅ አላቸው።

ጆሮውን ማስተማር ለሚፈልግ ጓደኛ አራት ሥራዎች እንመክራለን።

መጀመሪያ፥ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ የቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው። የቫይብራፎኑ ኖታ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጠፋ ይከተሉት። በ2017 እንደገና ሲታተም የስቴሪዮውም የሞኖውም ቅጂ ስለ ወጣ፥ ሁለቱን አከታትሎ መስማት ስለ መሣሪያዎች ስፍራ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፥ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። በ1975 በካይፋ የወጣ ሲሆን፥ በ1986 በቤልጅግ እንደገና ታትሞ በአውሮፓ ተሰማ። በዚህ ላይ ቤዙን ብቻ ይከተሉ፤ በስልክ ሲሰሙት እንዴት እንደሚሸሽም ያመሳክሩ።

ሦስተኛ፥ በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ክፍል 21 ሆኖ የወጣው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። አንድ ፒያኖ ብቻውን ሲሆን የሚደበቅበት ስፍራ የለውም፤ ዝቅታውና ከፍታው የእጅን ክብደት ያሳያል። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል።

አራተኛው ለክርክራችን ዋና ማስረጃ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ራሱ እየተጫወተና እያነባበረ አንድ ካሴት ቀረጸ። ኋላም በዚያው ከተማ ታክሲ ነጂ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ ያን ካሴት በባሕር ዳር አገኘውና፥ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። ልብ እንበል፤ ያን ሙዚቃ ያተረፈው በክፍለ ሀገር ከተማ ያልተጣለ አንድ ካሴት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ይመጣል። በጊንጪ በወላጆቻችን ቁም ሣጥን፥ በቡና ቤት መደርደሪያ፥ በተዘጉ ሙዚቃ ቤቶች ካርቶን ውስጥ በአማርኛም በኦሮምኛም የተዘፈነባቸው ካሴቶች አቧራ ለብሰው ይገኛሉ። ማጫወቻው ተበላሽቷል እየተባለም ይጣላሉ። ከመካከላቸው ሌላ ቅጂ የሌለው ቢኖር፥ ከተጣለ በኋላ ምንም ውድ መሣሪያ አይመልሰውም። የቅርብ ጊዜውም ሥራ ከዚህ አያመልጥም፤ የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ በ2009 ያወጣውን «ሳኚ ሞቲ» አብዛኞቻችን የምናውቀው በስልክ ነውና፥ ዋናው ሲዲ በእጁ ያለ ሰው እንደ መጽሐፍ ሊጠብቀው ይገባል።

ስለዚህ በመጪው የክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የሚከተለውን እናድርግ። ካሴቱን ከማጫወታችን በፊት የማጫወቻውን ራስ በአልኮልና በጥጥ እንጥረግ። ወደ ኮምፒዩተር ስንገለብጥ መጀመሪያ ሳይጨመቅ በዋቭ እናስቀምጠው፤ ለስልክ የሚሆነውን ትንሹን ቅጂ ከዚያ በኋላ ማውጣት ይቻላል። የዘፋኙን ስም፥ ዓመቱንና ካሴቱ የተገኘበትን ስፍራ እንጻፍ፤ ካሴቱንም መልሰን እናኑረው። የምንገለብጠው ለማትረፍ እንጂ ለመሸጥ አለመሆኑን አንርሳ፤ መብቱ የባለሙያው ነው። ለማዳመጥም ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ከግድግዳ ራቅ፥ ከጆሮ ትክክል አድርገን፥ ከእኛ ጋር እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ እናስቀምጣቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ባለ ብዙ ሺሕ ብር መሣሪያ የሌለን ተማሪዎች ነን፤ ነገር ግን ታማኝነት የሚጀምረው ከመሣሪያው ሳይሆን ከቅጂው ነው። ዋናውን ፈልጎ መስማት፥ ከዚያም መፍረድ፥ የተገኘውንም ጠብቆ ለተከታዩ ማስተላለፍ ከተማረ ሰው የሚጠበቅ ተግባር ነው።