የታብሌት ኢንች ሲቆጠር

አንድ የደብረ ማርቆስ የጤፍ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን በታብሌት ሊይዝ ሲያስብ፣ ሻጩ አስቀድሞ የሚጠራለት ኢንቹን ነው። ኢንች ግን ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ስለሚለካ ያሳስታል። አፕል በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአንድ ቀን ያስተዋወቃቸው አይፓድ ሚኒና ትልቁ አይፓድ 7.9 እና 9.7 ኢንች ነበሩ። የትንሹ ገጽ ስፋት የትልቁን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል፤ ክብደቱ ግን 308 ግራም ሲሆን የትልቁ 652 ነው። በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጆንያ ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለ 6.7 ኢንች ስልክስ? ቁጥሩ ለትንሹ ታብሌት ይቀርባል። ዳሩ ግን ስልኩ ጠባብና ረጅም በመሆኑ የገጹ ስፋት ከታብሌቱ ግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ስም፣ ኩንታልና ዋጋ ጎን ለጎን ሲሰፍሩ ፊደሉ ይደቅቃል። ሲም ካርድ የማይቀበል ታብሌት ደግሞ ገበያ መሀል ዋይፋይ ያስፈልጋል፤ ከክፍያ በፊት የሲም ማስገቢያውን ከፍቶ ማየት ነው።