ሳይዘራ የተገዛ ጎመን

መስቀል ሲቃረብ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ የሰንጋውን ወጪ ብቻውን የሚሸከም ሰው ብዙ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ባልደረባ ከባልደረባው ያዋጣል፤ አንዳንዱማ ዓመቱን ሙሉ በእቁብ ሲቆጥብ ይከርማል። የቅርጫው ቀን ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ በየመደቡ ይከፋፈላል። ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም ለሁሉም መደብ ይደርሳል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ሰንጋው ከሲታ ሆኖ ከተገኘ የሁሉም ድርሻ ያንሳል፤ የሰባ ከሆነም ደስታው የሁሉም ነው።

እስቲ ይህንኑ ብልሃት ወደ ጎመን፣ ወደ ቃሪያና ወደ ቲማቲም አዙሩት!

አሠራሩ ቀላል ነው። ስምንት አሥር ቤተሰብ ሆናችሁ በከተማችሁ ዙሪያ የሚያለማ አንድ አትክልት አምራች ትመርጣላችሁ። ገንዘቡን የምትሰጡት ከመዝራቱ በፊት ነው፤ እሱም ምርቱ ከደረሰ ጀምሮ በየሳምንቱ ድርሻችሁን ያቀብላችኋል። ጃፓን ውስጥ የፀረ ተባይ ኬሚካል ያሳሰባቸው እናቶች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከገበሬዎች ጋር በዚህ መልክ ተዋውለዋል። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ማሳቹሴትስና ኒው ሃምፕሻየር ሁለት እርሻዎች ጀመሩት፤ ዛሬ እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ እርሻዎች ይሠሩበታል። እኛ ግን ለመማር ያን ያህል ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። የጉራጌ እናቶች ከአንዲት ላም የሚገኘው ወተት ለመናጥ እንደማይበቃ ስለሚያውቁ በየተራ ለአንዷ እየሰፈሩ ቅቤ ያወጣሉ፤ ውጆ ይሉታል። ይህን የመተማመን ሀብት የወረሰ ሰው ከገበሬ ጋር መዋዋል አያቅተውም!

ገበሬው ምን ያተርፋል? በዘር ወቅት ኪሱ ባዶ ነው። ዘር ይገዛል፣ ችግኝ ያፈላል፣ ለውኃ መሳቢያው ነዳጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይበደራል። ቲማቲሙ ሲደርስ የሁሉም ጎረቤት ቲማቲም አብሮ ይደርሳል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ቲማቲም ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ አይጠብቅም፤ ደላላው የጠራውን ዋጋ ተቀብሎ ከመሸጥ በቀር ምርጫ የለውም። የእናንተ ቅድሚያ ክፍያ እጁ ላይ ካለ ግን የሚዘራው ለማን እንደሆነ አውቆ ይዘራል። ሰው ሥራው አስቀድሞ ሲታመንበት እንዴት እንደሚበረታ በራሳችሁም ሳታዩት አልቀራችሁም።

እናንተም ትለወጣላችሁ። በረዶ ጎመኑን የመታው ሳምንት ድርሻችሁ ያንሳል፤ ያኔ የገበሬው ኪሳራ የእናንተም ሆኖ ይሰማችኋል፣ ዝናብ የመጣበትን ሰማይም ቀና ብላችሁ ማየት ትጀምራላችሁ። ቀይ ሥሩ የበዛበት ሳምንት ይኖራል፤ ቤታችሁ ከለመደው ወጥ ወጣ ብላችሁ ሌላ ትሠራላችሁ። ልጆቻችሁን አንድ ቅዳሜ ወደ ማሳው ይዛችሁ ውረዱ። ካሮት ከአፈር ሲመዘዝ ያየ ልጅ ገበታ ላይ ሲቀርብለት ፊቱን አያዞርም።

ሁሉን በአንዴ ካልጀመርኩ አትበሉ። ቡታጅራ ያላችሁ በዓመት በርበሬ ጀምሩ። ማረቆ ጎረቤታችሁ ናት፤ በርበሬዋም በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው። የዓመት በርበሬ መግዛታችሁ እንደሁ አይቀርም፤ ገንዘቡን ከመትከሉ በፊት ለገበሬው ስጡት፣ ከመኸር በኋላ ዛላውን በጆንያ ተረከቡ። ወልቂጤ ያላችሁ ደግሞ ከአበሽጌ ወይም ከቸሃ ጎመን ከሚያለሙ፣ ቆጮና አይብ ከሚያዘጋጁ እናቶች ጋር ተነጋገሩ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ ፍቆና አብላልቶ ቆጮ ማድረጉም ከባድ የሴቶች ድካም ነው፤ ዋጋውን ስትነጋገሩ ይህን አትርሱ።

ስምምነቱን በወረቀት አስፍሩት። ገንዘቡን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ክፈሉ፤ አንዱ ለዘር፣ አንዱ ለአረም፣ የመጨረሻው ለምርት ጊዜ ይሁን። ምርት ሲጎድል ድርሻው እንዴት እንደሚቀንስ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ ይህን ጥያቄ በይሉኝታ ማለፍ ኋላ ያጣላል። ድርሻ የምትረከቡበት ቀን የገበያ ቀን ቢሆን ገበሬው አንድ ጉዞ ይቀርለታል።

የበጋ መስኖ ተከላ የሚጀመረው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነው። ስለዚህ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ሁለት ሰው መርጣችሁ ወደ ማሳው ላኩ፤ ገበሬውንም ለቤታችሁ የምትፈልጉትን ከመዘርዘራችሁ በፊት መሬቱ የሚወደው የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።